ሽማግሌ የላክንበት ኩባንያ

ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ወርጄ የስልኬን መስታወት ሳስቀይር፣ አጠገቤ የቆሙ አንድ ገበሬ ከጠጋኙ ጋር ይነጋገሩ ነበር። የማሽላ ተባይ የሚለይላቸው አፕ ነበራቸው፤ በድንገት አልከፈት ብሏቸዋል። ጠጋኙ «ኩባንያው ከልክሎታል» አላቸው። ሰውየው ስልኩን ገልብጠው አዩትና «እኔ ምን አደረግኩት?» አሉ። ፊቴ ነደደ፤ የፀሐዩ ብቻ አልነበረም። እኛም ከሦስት ዓመት በፊት ይችኑ ጥያቄ ጠይቀን ነበር።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እርሻችን ሮቢ ወንዝ ዳር ነው፤ ሽንኩርት እንተክላለን። ውሃውን የሚያወጣልን አባቴ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ደልድሎ ያስቀመጠው ሞተር ነበር። የቆላ ሰው የሚፈራው የራሱን ዝናብ አይደለም። እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ፣ የፓፓያው ቅጠል እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ተራራ ላይ የወረደው ዝናብ ግንድና ድንጋይ እየነዳ ይመጣል። ደራሽ ነው የምንለው፤ ሞተር ሲያገኝ አይምርም። ስለዚህ ደብረ ሲና ዘመድ የሌለው ሰው እኛ አገር ግማሽ ሰው ነው። እኛ አክስቴ እቴነሽ አለችልን። መንገድ ዳር ቆሎ ትሸጣለች፤ ተራራው ሲጠቁር የሰፈራችን የስልክ ግሩፕ ላይ «መጣላችሁ» ብላ በድምፅ ትልካለች።

ግሩፑ ግን ግሩፕ ነው። የልደት ኬክ፣ የሙሽራ ፎቶ፣ የመልካም ሰንበት አበባ ይጎርፍበታል፤ የአክስቴ ድምፅ ከሥር ይቀበራል። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት፣ ቴክኒክና ሙያ ይማር ነበር፣ አንድ አፕ ሠራ። የአክስቴ መልእክት ሲገባ ስልኩ ድምፁ ተዘግቶም ቢሆን እንደ አህያ ያናፋል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ጫነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሦስት ጊዜ አናፋ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሞተሮቹ በሸክም ወጡ። አንዱን ጫፍ እኔም ይዤ ነበር፤ ነዳጁ ቀሚሴ ላይ ሳምንት ሙሉ ሸተተ፤ ደስ ብሎኝ አላጠብኩትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ነገር ቆመ። የመልእክት መላላኪያው ኩባንያ «ያልተፈቀደ አፕ ተጠቅመዋል» ብሎ የዳዊትን ቁጥር ዘጋ፤ ስልኮቻችን ደግሞ አፑን በገዛ እጃቸው አጠፉት። ከሥሩ «ለደኅንነትዎ ሲባል» ይላል። የማን ደኅንነት? ሮቢ ሲሞላ አይተውት ያውቃሉ? ዳዊት አቤት አለ፤ ዓይኑን ከማርገብገቡ ማሽን የጻፈው መልስ መጣለት፤ ውሳኔው ጸንቷል።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም። ባለቤት የሌለው ደጅ የለም፣ ሽማግሌ እንላክበት አለ። ዳዊት ሳቀ፤ አባቴ ግን የምሩን ነበር። ጋሽ ተክሌ፣ በሰፈራችን ስንት ደም ያደረቁ አስታራቂ፣ ከሁለት እኩዮቻቸው ጋር ግራር ሥር ተቀምጠው ቃል በቃል አጻፉኝ። «እኛ ምራቃችንን የዋጥን ሰዎች ነን። ልጁ ሳያውቅ በድሎ ከሆነ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉት። አፑን ግን መልሱልን፤ ወንዝ ቀጠሮ አይሰጥም።» ከሥሩ ሦስቱም ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። በዚያችው በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ተርጉሜ፣ ወረቀቱንም ፎቶ አንስቼ፣ በአቤቱታው ቅጽ ላክሁት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ ተልኮ ሳለ ሌላ መንገድ መፈለግ ነውር ነው፤ ሽማግሌውን አላመንኩም ማለት ነው። ዳዊት እስከዚያው አክስቴ በቀጥታ ትደውል ቢል፣ አባቴ «መልስ ሳይመጣ? ጋሽ ተክሌን ልታዋርድ ነው?» ብሎ ቆረጠው። አፑ መዘጋቱን እንኳ ለአክስቴ የነገራት አልነበረም። ማክሰኞ ጠበቅን፣ ረቡዕ ጠበቅን። ጋሽ ተክሌ በየማለዳው ብቅ እያሉ «ምን አሉ?» ይሉኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ እያቃጠለ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ። ቀጥሎ ጉርምርምታው። አባቴ ሞተሩን ሊያወጣ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ዳዊት በቀበቶው ይዞ ባይጎትተው ኖሮ አብሮ ይሄድ ነበር። ሞተሩ አንዴ ተገልብጦ ታየኝ፣ ከዚያ አልታየም። የአክስቴን «መጣላችሁ» በኋላ ከሁለት ኬክና ከአንዲት ሙሽራ ሥር አገኘሁት። በተላከበት ሰዓት ብንሰማው ሞተሩን አውጥተን ቁጭ ብለን የምናወራበት ጊዜ ነበረን። የእኛ ዝናብ ዘገየ፤ ሽንኩርቱ ዓይናችን እያየ ጠወለገ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ያያያዙት ምስል መታወቂያ ስላልሆነ አቤቱታዎ ተዘግቷል። ጋሽ ተክሌ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «አላነበቡትማ» አሉ፤ ጣታቸውን አዩት፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም ነበር። ከሞተሩም ከሽንኩርቱም ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። እምቢ ማለት ያለ ነው፤ ሽማግሌ እምቢ ተብሎ ያውቃል። ሳይሰሙ መዝጋት ግን የት አገር ወግ ነው?

ዛሬ አክስቴ ለአባቴ ትደውላለች፣ አባቴ ለጋሽ ተክሌ፣ እሳቸው ለሚቀጥለው፤ ሁሉም በቁልፍ ስልክ። ዳዊት ግን አልተወውም። የኩባንያዎቹን ፈቃድ የማይጠይቅ፣ ውስጡን ማንም ከፍቶ የሚያየው የስልክ ሲስተም አሮጌ ስልኮች ላይ እየጫነ ይሞክራል።

ትናንት ምሳ እየበላን ስልኬ ላይ አዲስ ማሳሰቢያ መጣ፤ ከእንግዲህ ኩባንያው ያልመዘገበው ሰው የሠራው አፕ አይጫንም ይላል። አባቴ አንብቢው አለኝ፣ አነበብኩለት። ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ።

«እምቢ የሚባለውስ የቱ ጋ ነው?»

ወደ ላይ ወደ ታች ፈለግኩ። የለም አልኩት።

«እንግዲያ አልጠየቁሽም» አለና መብላቱን ቀጠለ።

ጣቴን ከስልኩ ላይ አነሳሁና ለዳዊት ደወልኩ። ሲስተሙን በእኔም ስልክ ይሞክረው።