ያልተቆለፈው ወንበር

ልጄ የበረራ ተማሪ ነበረች። ለፈቃድ ፈተናዋ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ እዚህ ናይሮቢ ብቻዋን ይዛት የተነሳችው ትንሽ አውሮፕላን ከመሬት ትንሽ ከፍ እንዳለች ተመልሳ ወደቀች። የፊት ጎማዋ ተሰበረ፤ አፍንጫዋ ሣር ውስጥ ተቀረቀረ። የልጄ የግራ እጅ አንጓ ተሰነጠቀ። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም።

ምክንያቱን ካሳራኒ ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ በጀሶ እንደታሰረ ነገረችኝ። የአብራሪው ወንበር በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ከተስተካከለ በኋላ በፒን መቆለፍ አለበት። ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ አልገባም ነበር። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ስታነሳ ወንበሩ ወደኋላ ሸሸ። ልጄ መሪውን ጨብጣ ስለነበር መሪውም አብሯት ተሳበ፤ አፍንጫዋ ይብሱን ቀና አለ። ደንግጣ የሞተሩን ጉልበት ቀነሰችው፤ አውሮፕላኗም ወደቀች።

«ወረቀቱ ላይ የለም?» አልኳት። አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት እያነበቡ አንድ በአንድ የሚያረጋግጡበትን ቼክሊስት ማለቴ ነው።

«አለ። ሁለተኛው መስመር ላይ።»

«ታዲያ?»

«አላነበብኩትም። በቃሌ ነው የሄድኩት።»

እኔ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነኝ፤ ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ልጆቼን ፊደል ከቆጠሩበት ጊዜ ጀምሮ ደብተራቸውን እየነጠቅሁ፣ ሳታዩ ካልተናገራችሁት አላወቃችሁትም እላቸው ነበር። ወረቀት እያየ የሚሠራ ሰው ስመለከት እስቅበታለሁ። ይህን እንደ ትልቅ ቁም ነገር ነው ያስተማርኳቸው።

ትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ሪፖርት ጠይቋታል። እውነቱን ከጻፈች ለፈተና እንደማትቀርብ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሐዲዱ አርጅቷል አላልሽም?»

«ትንሽ ተበልቷል።»

«እሱን ጻፊያ።»

«አባዬ፣ ብስኩት ሰርቀን ስንዋሽ አንድ ሰዓት ያንበረከከን ሰውዬ የት ሄደ?»

«ውሸት ጻፊ አላልኩሽም።»

«ሳዋ፣ እሺ። ሐዲዱን ይቀይሩታል። ነገ ሌላ ተማሪ ወረቀቱን ሳያነብ ቢነሳስ?»

ወላጅ ልጁን ከራሱ የተሻለ ሆኖ ሲያገኘው ደስ ሊለው ይገባል። እኔን ግን ደስ አላለኝም፤ ተናደድኩ። እሷ እውነቱን እንዳለ በቀኝ እጇ ጻፈችው።

ሪፖርቱን ስታስረክብ አብሬያት ሄድኩ። አስተማሪዋ ወጣት ኬንያዊ ነው። ጥፋቱ ከእኔ አስተዳደግ እንደጀመረ በእንግሊዝኛዬ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሙዜ፣» አለኝ፣ ሽማግሌ በሚጠራበት አክብሮት። «ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ግን እሷ ናት።»

ፈተናዋ ተሰረዘ። ብቻዋን ማብረር ተከልክላ ከአስተማሪ ጋር እንደገና እንድትጀምር ተወሰነ። ልከራከርላት አፌን ስከፍት በጉልበቷ ጎሸም አደረገችኝ፤ የውሳኔውን ወረቀት ወደ ራሷ ስባ ፈረመች።