የዊዳድ ጓጉንቸር

ዊዳድ ከኩታበር ኮምቦልቻ ወርዳ ኤሌክትሪክ ስትማር ዘመድ አዝማድ ስቆባታል፤ ሴት ልጅ ምሰሶ ልትወጣ ነው ብለው። ተመርቃ ከረጢት የሚያመርት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ስትቀጠር ግን ሳቁ ወደ ልመና ተለወጠ። ይኼን አስቀጥሪልን፣ ያንን አስገቢልን ሆነ። እሷም አለቆቿን ለምና ታናሽ ወንድሟን ሙንዚርን መጋዘን ውስጥ አስገባችው።

በሥራዋ ከመጠንቀቋ የተነሳ ፈሪ የሚሏት ነበሩ። ማሽን ከመንካቷ በፊት የኃይል ማቋረጫውን ብሬከር ታወርድና ማንም እንዳያነሳው የራሷን ጓጉንቸር ታስገባበታለች፤ ቁልፉን ኪሷ ትከታለች። ቴስተሯን መጀመሪያ ኃይል ባለው ሶኬት ላይ ትሞክራለች፤ የተበላሸ ቴስተር ኃይል ያለውንም ሽቦ የለውም ብሎ ይዋሻልና። ከዚያ የተዘጋውን መስመር ትለካለች፣ ተመልሳም ቴስተሩን እዚያው ሶኬት ላይ ታረጋግጣለች። የፈረቃ ኃላፊውን ደሳለውን ይኼ ሁሉ ያንገሸግሸው ነበር። ማሽን በቆመ ቁጥር ከላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።

አንድ ቀን ትልቁ የሽመና ማሽን በተነሳ ቁጥር ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ። ዊዳድ እንደ ልማዷ ዘግታ፣ ቆልፋ፣ ለክታ ሥራ ጀመረች። የኃይል ገመዱን ከሞተሩ ፈትታ ሞተሩን ለብቻው ፈተነችው፤ ደህና ነው። ገመዱን ስትፈትነው ጥፋቱ እሱ ጋ ሆነ። የሆነ ቦታ ልባሱ ተልጦ የማሽኑን ብረት ይነካል ማለት ነው። እየዳበሰች ተከተለችው፤ ማሽኑ ሥር ገብታ የተላጠውን ቦታ አገኘችና በእጇ ያዘችው።

ሰዓቱ የዙሁር ሶላት ነበር። ደሳለው መጥቶ ቢያይ ሰው የለም። ጎንበስ ብሎ ማሽኑ ሥር ግን አላየም። የት ሄደች ሲል አንዱ ለሶላት ወጥታ ይሆናል አለው። ሙንዚርን ከመጋዘን ጠርቶ የብረት መቀስ አስመጣና ጓጉንቸሩን ቁረጠው አለው። ሙንዚር እህቴ እስክትመጣ ብንጠብቅ ብሎ ነበር፤ ደሳለው ሥራውን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ቆረጠው። ብሬከሩን አንስቶ ማስነሻውን የተጫነው ደሳለው ራሱ ነው።

ገመዱ ዊዳድ እጅ ውስጥ ፈነዳ። ደሴ ወስደዋት ሐኪሞች ቀኝ እጇን ከክርኗ በታች ቆረጡት።

ሙንዚር አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት። «እታለም፣ ወላሂ ለሶላት የሄድሽ መስሎኝ ነው» አላት። ይህን ሲነግራት ግን አደጋውን ለሚያጣሩት መርማሪዎች ጓጉንቸር የሚባል አላየሁም ብሎ ከደሳለው ጋር መስክሮ ነበር የመጣው። የተቆረጠው ጓጉንቸርም የት እንደገባ አልታወቀም።

ቁስሏ ሲደርቅ እውነቱን ልናገር ብላ ተነሳች። ይህን የሰሙት እናቷ መዲና ከኩታበር ወረዱ። ፊቷን አጠቡላት፣ ሻሿን አሰሩላት፣ እያጎረሷትም፣

«ያንቺ እጅ አንዴ ሄዷል፤ ብትናገሪ አይበቅል። ልጄን ግን ታሳስሪብኛለሽ» አሏት።

«እኔስ ልጅዎ አይደለሁም?»

እናትየው ጉርሻውን ወደ አፏ አስጠጉና ብዪ አሏት።

ጥፋቱ የሷ ነው ተብሎ ቢዘጋም ፋብሪካው አላባረራትም። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የደህንነት ትምህርት ይሰጣል፤ አስተማሪው ደሳለው ነው፣ ማሳያው ዊዳድ ናት። ዘግቶ አለመቆለፍ ይህን ያመጣል እያለ ሲያስረዳ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ትቆማለች። ከኋላ ያሉት እንዲያዩ አንዳንዴ ወደ መብራቱ ጠጋ በዪ ይላታል። ይህን ሲል ድምፁ እንኳ አይለወጥም።

በቅርቡ ከገቡት መካከል ሀናን የምትባል፣ እንደሷው ኤሌክትሪክ የተማረች ልጅ ነበረች። ደሳለውን ትታ ዊዳድን ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ ጓጉንቸር አልነበረሽም?»

ደሳለው ወደ ዊዳድ ዞረ። ሙንዚር ለአዲሶቹ የሚታደል ጓንት በካርቶን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። ዊዳድ ቀና ብላ ፊቱን አላየችም፤ ካርቶኑን የያዙትን ሁለት እጆቹን ነው ያየችው።

«ነበረኝ» አለች። «አልቆለፍኩም።»

ሀናን ከንፈሯን መጠጠች። ሲወጡ ለጓደኛዋ የምትለውን ዊዳድ ሰማች፤ የሴት ባለሙያን ስም የምታጠፋው እንዲህ ያለችዋ ናት፣ እንኳንም ሌላ ሰው አልገደለች አለች። ዊዳድ የሰበሰበችውን እጅጌ በግራ እጇ ለማውረድ ስትታገል ደሳለው ተዪው አላት። ሁለተኛው ቡድን ውጭ እየጠበቀ ነበር።