የሁለተኛው ተኩላ መንገድ

ጊስላን ቱርኮት ሞንትሪያል ውስጥ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁን በሚሠራው ጨዋታ ውስጥ አዳኙ አውሬ መንገዱን የሚያገኘው እሱ በጻፈው ኮድ ነው። ጎበዝ ነው፤ ክፋቱ፣ ጉብዝናውን ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ መሆኑ ነው።

መስከረም ላይ ጨዋታው ሁለተኛ ተኩላ ተጨመረለትና ጣጣ መጣ። የመጀመሪያው ተኩላ አጋዘኑን ደህና አድርጎ ያሳድዳል፤ ሁለተኛው ግን ካለበት ሳይነቃነቅ ተገትሮ ይቀራል። ከባልደረቦቹ ጋር ቆመው በሚያደርጉት የጠዋት ስብሰባ ላይ ጊስላን ካርታ ሠሪዋን ኦዲልን ዞር ብሎ አያት።

"የኔ ኮድ አራት ዓመት ሙሉ ሠርቷል። ጉዱ ያለው ተራሮችሽ ላይ ነው። ፍየል እንኳ አይወጣቸውም!"

ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ሁለተኛውን ተኩላ ብቻውን ስለቀው ግን ይወጣቸዋል እኮ" አለች ኦዲል። ማን ሰምቷት!

ያደገችበትን የሳግኔን ገደላገደል አስመስላ የሠራቻቸውን ተራሮች ተኩላው እንዲወጣቸው ብላ ሦስት ሳምንት ስትደለድል ከረመች።

አንድ ሐሙስ ጊስላን ሌላ ነገር ሊፈልግ አሮጌ ኮዱን ከፈተ። እያንዳንዱ ተኩላ መንገድ ሲፈልግ፣ ያያቸውን ቦታዎች የሚመዘግብበት የራሱ ባዶ ዝርዝር ሊፈጠርለት ይገባል። ዝርዝሩ ግን የሚፈጠረው አንዴ፣ ጨዋታው ሲጀምር ብቻ ኖሯል። ሁለተኛው ተኩላ የፊተኛው የሞላውን ይረከብና ሁሉንም ያየ መስሎት ይቆማል። መስመሩን ማን እንደጻፈው ቢመለከት የራሱን ስም አገኘ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ።

መስመሩን አስተካከለና "መጠነኛ ማስተካከያ" ብሎ ጽፎ ዘጋው።

ከምሳ በኋላ ኦዲል ፊቷ በርቶ መጣች።

"ጊስላን፣ ተኩላዎቹ ሄዱ እኮ! ሁለቱም ወጡ! ለካ እውነትህን ነው፣ መደልደሉ ነው የረዳው። ይኼን ያህል ስላደከምኩህ ይቅርታ።"

"ምንም አይደል" አላት። እንዲህ ብሎ መለሰላት! እሷ ከሄደች በኋላ ግን ወንበሩ እሾህ ሆነበት። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ይቅር ባይ የሆነው እሱ። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ ስብሰባው እንደተጀመረ ማንንም ሳያስቀድም ተናገረ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ለየተኩላው የራሱን ዝርዝር መፍጠር ረስቼ ነው። ካርታው ምንም አልነበረበትም። ትናንት ኦዲል ይቅርታ ስትጠይቀኝም እያወቅኩ ዝም አልኳት።"

አለቃቸው ሶላንዥ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። "ኧረ ተወው ጊስላን፣ ይኼማ ማንም ላይ ይደርሳል። የድሮው ካርታም ተቀምጧል፣ እንመልሰዋለን።"

"እኔ ባለፈው የሠራሁትን ብታዩ!" አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ።

ኦዲል አልሳቀችም።

"እኔ ሦስት ሳምንት ስደለድል" አለች ሁሉንም እያየች፣ "'ማንም ላይ ይደርሳል' ያለኝ ሰው ነበር?"

ጊስላን ቀና ብሎ ሊያያት ፈለገ፤ ዓይኑ እምቢ አለው።