አይጥ የለም የሚባልበት ቤት

አማቴን ቶዋን አንቱ እንጂ አንቺ ብያቸው አላውቅም። ይህ ነገር ሲሆን ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ነበሩና «እሷ» ብላቸው ይቅር ይሉኛል።

ቶዋ የወደብ ልጅ ናት። ዓሣ ሲደርቅ እያየች አድጋ አማላጅ ወደ እኛ፣ ሐር ወደሚመረትበት ወደ ጉንማ ተራራ አመጣት፤ የሐር ትል በዓይኗ አይታ አታውቅም። ያገባችው ኢሳኩን ነው። ኢሳኩ የባሌ አባት ነው፤ ያኔም እንደ ኋላው ዝምተኛ ነበር። ቤቱን የሚገዙት እናቱ ሺጌ ናቸው።

ሺጌ ግን ቢጠየቁ የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ አይሉም። ትሎቹ በሰፌድ ተደርድረው በሚያድጉበት ቆጥ ላይ ክንድ የሚያህል አረንጓዴ እባብ ይኖር ነበር። እባብ ብሎ የሚጠራው የለም፤ «ባለቤቱ» ነው ስሙ። ወር በገባ በአንደኛውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ሺጌ አንድ እንቁላል በአግዳሚው ላይ ያስቀምጡለታል። ሐር ትል የሚያረባ ሁሉ ድመት ሲያሳድግ እኛ ቤት ግን አይጡን ባለቤቱ ይበላል ተብሎ፣ እሱም እንዳይከፋው ድመት አይገባም። «የሺጌ ቤት አይጥ አያውቅም» ይባላል፤ በዚያ ስም ቤቱ ተከብሮ ኖረ። ለቶዋ ይህን የነገራት የለም። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለእንግዳ መንገር ማንን ትዝ ይለዋል?

በግንቦት፣ ትሎቹ ቆዳቸውን የሚለውጡበትን ሦስተኛውን እንቅልፋቸውን ሊተኙ ሲሉ፣ ቶዋ ምግባቸውን የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ተሸክማ ቆጥ ወጣች። እባቡ ከሰፌዶቹ በላይ ተዘርግቷል። የልብስ ማስጫውን ቀርከሃ አንስታ አናቱን አለችው። በጅራቱ እየጎተተች ወርዳ፣
«እማማ፣ ገደልኩት! ትሎቹን ሊጨርስልን ነበር!» አለች።

ሺጌ ቅጠል የሚከትፉበትን ቢላ አስቀመጡ። እባቡን በጨርቅ ጠቅልለው ከእንጆሪው ዛፍ ሥር ቀበሩ፤ የሩዝ ጠላም አፈሰሱበት። እራት ላይ ብቻ፣
«የዚህ ወቅት ሐር በአይጥ ከተበላ፣ የሐሩ ጎጆ በሚለቀምበት ቀን ጓዝሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ ትመለሻለሽ» አሏት።

ኢሳኩ ሾርባውን ጠጣ። የባሌን አባት ማማት አልወድም፤ ግን ሚስቱ ስትባረር ሾርባ የሚጠጣ ሰው ምን ይባላል?

በስድስተኛው ቀን ሁለት ሰፌድ ሙሉ ትል ተበልቶ ተገኘ። ሰፈሩ «ባለቤቱን ገድላ አይጥ አስገባች» አለ። ቶዋ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ግን ከጠላቴ ጋር ልተዋወቅ ብላ ተነሣች።

ትል በሚረባበት ቤት አይጥን መለየት ቀላል አይደለም። ትሎቹ ሲበሉ ድምፃቸው እንደ ዝናብ ነው፤ የአይጥ ኮሽታ በውስጡ ይጠፋል። ኩሳቸውም ጥቁር ፍሬ ስለሆነ ወለሉ ላይ ጥቁር ነገር ያየ የእኛ ሰው «የትል ነው» ብሎ ያልፋል። ቶዋ ግን አዲስ ስለሆነች ጎንበስ ብላ አየችው። የትሉ ኩስ ድቡልቡል ሆኖ ጎን ጎኑ የተሸነተረ ነው። ከመካከሉ እንደ ሩዝ ፍሬ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ ሌላ ነገር ነበረ። ጠረኑም ሌላ ነው፤ የአይጥ ሽንት አንዴ አፍንጫ ከያዘው አይረሳም።

ማታ ወለሉ ላይ አመድ ነፍታ ተኛች። ጠዋት ስታየው የትንንሽ እግሮች ዱካ፣ በመካከሉም የጅራት መስመር አለ። ዱካው በግድግዳው ጥግ በአውራ ጣት ልክ ወደተከፈተ ቀዳዳ ይሄዳል። ከቀዳዳው ወዲህ ያለው አመድ ግን በመጥረጊያ ተጠርጓል፤ ከጎኑም የሰው ተረከዝ ታትሟል። በዚያ ቤት እንደዚያ ያለ ጠባብ እግር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቶዋ መሰላል አስደግፋ እንቁላሉ ከሚቀመጥበት በላይ፣ የማንም እጅ የማይደርስበት ሌላ አግዳሚ ላይ ወጣች። እዚያ ያለው ኩስ ግራጫ ሆኖ ሲነኩት ይፈረፈራል። የእንጨቱ ጠርዝ በአይጥ ገላ እየታሸ ጠቁሮ እንደ አሮጌ የድስት ክዳን ያብለጨልጫል። የተጋጠው ቦታ እንደ ትኩስ እንጨት አልነጣም፤ አርጅቷል። ከኋላው የአይጥ ጎጆ አገኘች። የተሠራው በተቀዳደደ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ዓመቱ ይነበባል። እሷ ከመምጣቷ ከአራት ዓመት በፊት የነበረ ነው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ጎጆውን ይዛ መንደር ለመንደር ብትዞር ማንም አይፈርድባትም ነበር። ቶዋ ግን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቆጥ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሺጌ መጥረጊያ ይዘው ወጡ።

«እማማ፣ አመዴን ረግጠውብኛል» አለች።

«በገዛ ቤቴ የት እንደምረግጥ አንቺን ላስፈቅድ?»

ቶዋ ጨርቁን ፈትታ ጎጆውን አሳየቻቸው። «ይህ የስድስት ቀን አይደለም።»

ሺጌ ቁጭ አሉ። «ድምፅሽን ቀንሺ፤ ኢሳኩ ይሰማል።»

«ስንት ዓመት ጠረጉ?»

«ሠላሳ አንድ» አሉ። «ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ‹ባለቤቱ ቤቱን ይጠብቃል፤ አይጥ ከታየ ጥፋቱ የሰነፍ ምራት ነው› አሉኝ። በሁለተኛው ወር አየሁ። ጠረግሁ። ከዚያ ማን ያስቆመኝ?»

«እባቡስ?»

«እንዳይሄድብኝ እንቁላል አስለመድኩት። እንቁላል አፉ ድረስ እየመጣለት አይጥ ፍለጋ ምን ያስሮጠዋል?»

ቶዋ ሳቋ አመለጣት። ሺጌ ግን ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የፈራሁትን ነገር አንቺ ላይ ስጥለው ቀለለኝ» አሉ።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሺጌ የደረቀ ዓሣ ይዘው ጎረቤት ሄዱ። በእኛ ዘንድ ድመት በባዶ እጅ አይወሰድም፤ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ አለው። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ቤቴ አይጥ አለ። ሁልጊዜም ነበር። ግልገል ድመት ስጡኝ» አሉ። ጎረቤቲቱ ዓሣውን ተቀብላ ግልገሉን አውጥታ ሰጠቻቸው። እኔ ሳስበው፣ እንደዚያ ቀን የከበደ መንገድ ሺጌ ሄደው አያውቁም።

ሁለቱ ሴቶች ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ፈልገው ካለፈው ዓመት የቀረውን፣ ኩሪ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ እንደ ጃርት የሚዋጋ ልባስ ወተፉባቸው፤ በላዩ ጭቃ መረጉ። የመደርደሪያዎቹን እግር ውሃ በተሞላ ሳህን ውስጥ አቆሙ። ሩዙን ክዳን ባለው ማሰሮ ከተቱ። እንዲያም ሆኖ ከሐሩ ሲሶው ጠፋ። በመልቀሚያው ቀን ቶዋ ጓዟን ሳይነግሯት አስራ ጠበቀች። ሺጌ አዩትና፣ «ነጩን የሐር ጎጆ ማን ሊለቅምልኝ ነው? ነይ፣ እጅሽን ታጠቢ» አሏት።

እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የዓለም ጦርነቱ ካበቃ ወዲያ፣ ወደዚያ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ እናቴ «ጥፋትሽን ደብቂ፤ አማት ይቅር አትልም» ብላ ነው የላከችኝ። ቶዋ ደጃፍ ላይ ያወለቅኩትን ጫማዬን ሳላስተካክል እጄን ይዘው ቆጥ ላይ አወጡኝ። መዳፌ ላይ ሁለት ጥቁር ፍሬ አስቀመጡ።

«ይሄ የትል ነው፤ ይሄ የአይጥ ነው። ይህ ቤት አይጥ አለው፤ ከአንቺም ከእኔም በፊት ነበረው። ስታዪ ጥሪኝ እንጂ ብቻሽን እንዳትጠርጊ።»

እንባዬ መጣ። ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ አይጥ ትፈሪያለሽ እንዴ?»

«አልፈራም እማማ» አልኳቸው። «የፈራሁት እርስዎን ነበር።»