ዝናብ የማይበግረው ዲሽ

ይህ የሆነው በቡኢ ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ወደ ከተማችን ገና መግባቱ ነበር፤ በዙሪያዋ ባሉት አንዳንድ መንደሮች ግን ስልክ እንኳ አይሠራም ነበር። ዓመታት ቢያልፉም ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ትክክል ነኝ እያልኩ ማንንም ማሳመን ስላቃተኝ ነው።

ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ሸምሱ የሚባል ሰው ሻይ ቤት አለው። በአንድ የገበያ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ራሱን “ኢንጂነር ዳዊት” ብሎ የሚጠራ ሰው በሸምሱ ግቢ ዲሽ ተከለ። ከዲሹ የሚወርደው ገመድ ቁልፍ ወደተደረገባት ጥቁር ሳጥን ይገባል፤ ከሳጥኗ ደግሞ ሌላ ገመድ ወደ ላፕቶፕ ይሄዳል።

“በቀጥታ ከሳተላይት የሚመጣ ኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ አይል፣ የስልክ መስመር አይል፤ ጫካ ውስጥም ይሠራል!” እያለ ለገበያተኛው ያሳያል። ክፍያው ግን በቅድሚያ ነው።

እትዬ አመለወርቅ ከቡኢ ራቅ ባለ መንደር ወፍጮ ቤትና ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ተማሪዬ ነበረች። በዚያው ሰሞን ዕቁብ ወጥቶላቸዋል። የመንደራቸው ሰው የፈተና ውጤት ለማየትም ሆነ ዲቪ ለመሙላት ቡታጅራ ድረስ ስለሚሄድ፣ ዲሹን ገዝተው ኢንተርኔት ቤት ሊከፍቱ አሰቡ።

“መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ። እስቲ እየው፤ ደህና ነው ካልከኝ የዕቁቤን ብር እሰጠዋለሁ” አሉኝ።

አየሁት። ፎቶው ይከፈታል፣ ቪዲዮው ይሄዳል። ስለ ፈቃዱ ስጠይቀው ግን “እሱ በእኛ በኩል ያለቀ ነው” ብሎ ወሬ ቀየረ። ነገሩ ሸከከኝ። እትዬ አመለወርቅን “ትንሽ ይቆዩ” አልኳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ጣለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በዚያን ጊዜ ትምህርቱ የሚሰጠው በፕላዝማ ነበር፤ የፕላዝማው ትምህርት ደግሞ የሚመጣው በሳተላይት ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ከላይ የሚመጣው ሞገድ በውሃው ስለሚዳከም ምስሉ ይቆራረጥና ይጠፋል። ያን ቀንም ጠፋ፤ ተማሪዎቹም እንደ ልማዳቸው በደስታ ጮኹ። ከክፍል ወጥቼ ሻይ ቤቱ ስገባ ዝናቡ አላባራም። የኢንጂነሩ ላፕቶፕ ግን ምንም ሳያነክስ ይሠራል።

ዝናብ ካልነካው ኢንተርኔቱ ከሰማይ አይመጣም ማለት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሳጥኗ ውስጥ በከተማው የሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ሲም ካርድ ሳይደበቅ አይቀርም። እንዲያ ከሆነ፣ ዲሹ ስልክ ወደማይሠራበት የእትዬ አመለወርቅ መንደር ሲደርስ ከሰሃን አይሻልም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ብሩን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው መጡ። ጥርጣሬዬን ነገርኳቸው። ኢንጂነሩ ሰምቶ ሳቀ።

“እናቴ፣ ይሄ መምህር የቡታጅራ ኢንተርኔት ቤቶች ጠበቃ ነው እንዴ? ገበያቸው እንዳይቀርባቸው ነዋ!”

እትዬ አመለወርቅ ቀና ብለው አዩኝ። ቡታጅራ ኢንተርኔት ቤት ያለው ጓደኛ እንዳለኝ ያውቃሉ፤ ልጃቸውንም የፈተና ውጤቷን እንድታይ እሱ ዘንድ የላክኋት እኔ ነበርኩ። አስተያየታቸው ሲለወጥ ታወቀኝ።

ከክርክር ሙከራ ይሻላል ብዬ፣ ከአጥሩ ሥር የወደቀ ቆርቆሮ አንሥቼ የዲሹን ፊት ጋረድኩት። ቪዲዮው መሄዱን ቀጠለ።

“አያችሁ?” አልኩ በኩራት።

“አየን እንጂ!” አለ ኢንጂነሩ ቀድሞኝ። “ቆርቆሮ እንኳ አያግደውም! የእኛ ዕቃ እንዲህ ነው።”

ሸምሱ “ማሻአላህ!” አለ። ከበው የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡ። እኔ ቆርቆሮዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ተናድጄ ገመዱን ከዲሹ ላይ ነቀልኩት። ቪዲዮው አሁንም አልቆመም።

“ያጠራቅማል” አለ ኢንጂነሩ ግንባሩን እየጠረገ። “እንደ ሶላር ባትሪ ቁጠሩት።”

“መምህር፣ ያንተ ፕላዝማ አያጠራቅምም ወይ?” አለኝ ሸምሱ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

እትዬ አመለወርቅ መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። አጠገባቸው ሄድኩና “እትዬ፣ እኔንም አይመኑ፣ እሱንም አይመኑ። ቤትዎ ወስዶ ያሳይዎት። እዚያ ሲሠራ በዓይንዎ ካዩ ያን ጊዜ ይስጡት” አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። “ይሄስ ደግ ነው” አሉ።

“በደስታ!” አለ ኢንጂነሩ። “ነገ በጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።”

በማግስቱ ዲሹ ከሸምሱ ግቢ ተነቅሏል። ሰውየውም የለም፤ ስልኩም አይነሣም።

እፎይ አልኩ። ነገር ግን ያቺን ሳጥን ከፍቶ ውስጧን ያየ የለም፤ እኔም አላየሁም። በከተማው የተወራውም እኔ እንዳሰብኩት አልነበረም። “መምህሩ ገመድ እየነቀለ ሰውየውን አስቀይሞ አባረረው” ተባለ። እትዬ አመለወርቅም ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ።

ወደ ወልቂጤ ስዛወር ልሰናበታቸው ወፍጮ ቤታቸው ሄድኩ። ዱቄት የነካውን እጃቸውን ጠርገው ጨበጡኝ፤ መረቁኝም። ልወጣ ስል ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“መምህር፣ ያን የዲሹን ልጅ ድንገት ካገኘኸው ተቀይሞ እንዳይቀር ንገርልኝ። ብሩን አልነካሁትም፤ እሱ ሲመጣ ብዬ አስቀምጬዋለሁ።”

ብሩ ያኔ መትረፉ ዛሬም ደስ ይለኛል። ዲሽ የተጫነ መኪና በወልቂጤ ባለፈ ቁጥር ግን፣ ወደ ቡኢ ይታጠፍ እንደሆነ ሳላይ ቤቴ አልገባም።