በልጅ ቁመት የተሳለው

ለአርበኞች እህል ታቀብላለህ ብለው ከሉማሜ አስረው ደብረ ማርቆስ ሲያመጡኝ የተወረወርሁበት ክፍል ቀድሞ የበቅሎ ጋጣ ነበር። ኖራ ቢቀቡትም ሽንቱ ይሰነፍጣል። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። በከሰል የተሳለ መስመር እንደ መረብ ተጠላልፎበታል፤ በመረቡ መካከል ዓይኖች አሉ። ሰው አይደለም፣ አውሬም አይደለም። 

የሳሉት ከዲማ አካባቢ የመጡ ደብተራ ናቸው። ጥግ ይዘው ከማንም አይነጋገሩም።

ጧት ጣሊያኑ ሹም ከአስተርጓሚውና ከአንድ ወታደር ጋር ገባ። ሥዕሉን በአለንጋው እየነካ ጮኸ። አስተርጓሚው ወደ ደብተራው ዞረ።

"የሽፍቶች ካርታ ነው ይልሃል። መስመሩ መንገድ፣ ዓይኑ ምሽግ። ተናገር፤ አለዚያ ዛሬውኑ ትሰቀላለህ።"

ደብተራው ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ መለሱ።

"ጠንቋይ! ይህን ሁሉ ዓይን ስትስል ምላስ መሳል ረሳህ?" አለና አስተርጓሚው ሣቀ።

እኔ ያለ መምህር ፊደል የለየሁ፣ ያለ መሪጌታ ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ። በአገሬ እንደ እኔ ሥዕል የሚያነብ አልነበረም። ተነሥቼ ከሥዕሉ ጎን ቆምሁ። ጫፉ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ይላል።

"ካርታ አይደለም በለው። ጠልሰም ነው። ጠልሰም በባለቤቱ ቁመት ይሳላል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። ይህ የሕፃን ቁመት ነው። መስመሩም መንገድ አይደለም፣ ልቅሶ ነው።" ወደ ደብተራው ዞርሁ። "የማን ቁመት ነው፣ የኔታ?"

"የልጄ" አሉ። "ጣሊያኖቹ ቤቴን ሲያቃጥሉት ውስጥ ነበረች። አላስቀበሩኝም።"

አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ። ሹሙ ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ።

"አትሰቀልም። በጥፍርህ ፋቀው ይልሃል።"

ደብተራው ከሥዕሉ እግር ጀምረው ፋቁ። ኖራው በደማቸው ቀላ። ሹሙ ሲጃራ እያጨሰ ያያል። ዓይኖቹ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ፤ ወታደሩ ጣታቸውን በሰደፍ መታው። ቀጠሉ።

በሩ ሲዘጋ ደብተራው የረገፈውን ኖራና ከሰል በነጠላቸው ጫፍ ሰብስበው ቋጠሩ። ጥፍራቸው ስላለቀ በክርናቸው መሬቱን ሊጭሩ ሲታገሉ እኔ ቆፈርሁላቸው፤ የቋጠሩትንም ቀበሩት። እስረኛው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እሳቸው ፍትሐቱን ጀምረው ስሟ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። በቃሌ የማውቀውን ዳዊት እኔ ደገምሁላት። አንድ ቃል አልሳትሁም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ሥዕል ትማራለች። መስመርና ቀለም ብቻ የሆነ ሸራ ታቆምና "አባባ፣ ይፍቱት እስቲ" ትለኛለች። ስፈታው ጓደኞቿ ይህን ማን አስተማራቸው እያሉ ይደነቃሉ። እኔ ግን አስቀድሜ ተነሥቼ ከሸራው ጎን እቆማለሁ። ጫፉ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ምንም አልናገርም።