ጡሩምባ ስትሰሙ ባላችሁበት ቁሙ

እቴናት ከደሴ ወደ አሰብ የወረደችው ባሏ ወደብ ላይ ሥራ ሲያገኝ ነው። ባሏ ሞተ፣ እሷ እዚያው ቀረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በከባድ መኪኖች መቆሚያ ለሾፌሮችና ለረዳቶች ፉልና ሻይ ስትሸጥ ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ወደ እኛ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ገባች። ማንበብ አትችልም። ዳይሬክተራችን አቶ ኃይለጊዮርጊስ ግን ማንበብ ይችል ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልለውም፤ አይገባውም።

እኔ በ1988 ዓ.ም. በዚሁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ መዋዕለ ሕፃናት የትልልቆቹ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ትልልቆቹ ስል አምስት ዓመት የሞላቸውን ማለቴ ነው።

ግቢያችን ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የጭነት ተራ የሚጠብቁ መኪኖች ከነተሳቢያቸው አጥራችንን ታክከው ይሰለፋሉ። አሰብን ያልኖረባት ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ግድግዳ ጥላ እንደሌለው አያውቅም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ጥላ የሚገኘው ከተሳቢ ሥር ብቻ ነው። ሾፌርና ረዳት እዚያ ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ፣ ከአንድ ትሪ ፓስታ ይበላሉ፤ ከትምህርት የተለቀቁ ልጆቻችንም ወላጅ እስኪመጣ እነሱው ዘንድ ይጠጋሉ። በረንዳችን ላይ እንዳይቀመጡ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ከልክሏል፤ ሲሚንቶው ይቆሽሽበታላ። መኪናው ሊነሳ ሲል ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል። ያን ጊዜ ከሥር ያለ ሁሉ ይወጣል፣ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ያይና «ሳበው» ይላል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ የሰፈሩ ፍየሎች እንኳ ያውቁታል።

በዚያ ዓመት አቶ ኃይለጊዮርጊስ ለሦስት ቀን ሴሚናር አዲስ አበባ ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። በዚያ ወበቅ ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሶ፣ ሰርተፊኬቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ወረደ። ሻንጣው ውስጥ ጥቅል ሥዕሎችና አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበሩ፤ ሕፃናትን ስለ መንገድ፣ ስለ ምግብና ስለ መታዘዝ የሚያስተምሩ። በማግስቱ ሰብስቦ ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበበልን። ላቡ እየተንጠባጠበ ክራቫቱን አላላላም።

ሥዕሎቹን ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰቀልናቸው። ሦስት ቀለም ያለው የትራፊክ መብራት፣ ዜብራ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ፖሊስ። ልጆቹ ከእነዚህ አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። የምግቡ ሥዕል ላይ ወተት፣ ጎመንና ካሮት ነበሩ፤ ባሕሩ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ዓሣ የሚባል ነገር አልነበረበትም። አባቱ ከራሔይታ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር፣ የመጣ አንድ ልጅ ካሮቱን አይቶ ዓሣ ነው ቢል፣ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ከመቀመጫው አስነስቶ ሦስት ጊዜ ካሮት አስባለው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ከሁሉ የባሰው የመንገዱ ሕግ ነበር፦ ጡሩምባ ስትሰሙ ባላችሁበት ቁሙ። መጽሐፉ ይህን ያለው በእግረኛ መንገድ ላይ ለሚሄድ ልጅ ነው። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ግን ለሁሉም ቦታ ነው አለ፤ ሕግ ከተሸራረፈ ሕፃን ይባልጋል አለ። ጡሩምባው እኔ ሆንኩ። በየማለዳው ግቢው መሐል ቆሜ ፊሽካ እነፋለሁ፣ አርባ ሕፃን እጁን ከጎኑ አጣብቆ ድርቅ ይላል። የተንቀሳቀሰ ካለ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ከሁሉ የምትበልጠው የባለሱቁ የኑህ ልጅ ኢልሀም ነበረች፤ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢያርፍ አትነቃነቅም። ለእንግዳ ሁሉ እሷን ነበር የማሳየው። እኮራባት ነበር፣ እኔ ጅሉ።

እቴናት ጭልፋዋን ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ታየናለች። አንድ ቀን ጠራችኝ።

«መምህር፣ ከመኪና ሥር የተቀመጠውም ልጅ ይቁም ነው የምትሉት?» አለችኝ።

ሄጄ ዳይሬክተሩን ጠየቅኩ። ከመኪና ሥር የገባ ልጅ ቀድሞውኑ ሕግ ጥሷል፣ ስለዚህ ሕጉ እሱን አይመለከትም ብሎ መለሰልኝ። እኔም ቁም ነገር መስሎኝ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእሱ ነው፤ የማጠቢያውን ውኃ የቀዳሁት ግን እኔ ነኝ።

እቴናት ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቀችም። ልጆቹ ሲወጡ በሯ ላይ እየጠራች፣ ከውጭ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ከሰማችሁ ወደ እኔ ሩጡ፣ ቀድሞ ለደረሰም ለዘገየም አንዳንድ ተምር አለው አለቻቸው። ተምሩን የምታመጣው ከራሷ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ጡሩምባ በሰሙ ቁጥር ከተሳቢ ሥር ተፈትልከው መሮጥ ለመዱ። እኔ ደግሞ በሁለት ወር ዜብራ ምን እንደሆነ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ይህን ደረሰበት። ከሰዓት ውጪ ምግብ ትሰጣለች፣ ልጆቹን እንደ መንጋ ታስሮጣለች፣ ሥልጠናውን ታበላሻለች ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብትደግም ትባረራለች ይላል። ከዚያች ወጥ ቤት ሌላ መግቢያ አልነበራትም፤ ወደ ፉሉ እንዳትመለስ ጉልበቷ አይችልም። የከለከለኝ ተምሩን ነው ወይስ ሩጫውን ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም አልኳት። ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና ድስቷን ልታማስል ዞረች። በማግስቱም ተምሩ ነበር።

ግንቦት ገባ። አንድ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹን ለቅቄ ቢሮ ውስጥ ማራገቢያ ሥር ተቀምጫለሁ። ከአጥሩ ውጪ የቆመው የውድነህ መኪና ነበር። ውድነህ የአዲስ አበባን መስመር ሃያ ዓመት የነዳ ጨዋ ሾፌር ነው። ያን ዕለት ረዳቱን ወረቀት እንዲያስፈርም ወደብ ልኮት ጎንበስ ብሎ የሚያይለት ሰው አልነበረም። ተራው ደረሰ ሲሉት ሁለት ጊዜ ነፋ። በመስታወቱ ልጆቹ ሲሮጡ አየ፤ ሁሉም የወጡ መሰለው።

ከሥር የነበሩት ስምንት ልጆች ናቸው። እቴናት በር ላይ የደረሱት ሰባት ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ አየቻቸውና ኢልሀምስ አለች።

«ኢልሀም ቆማለች» አላት አንዱ። ሌላ ቀን አባቷ ቀድሞ ይወስዳት ነበር፤ ከተሳቢ ሥር ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው።

ኢልሀም ከተሳቢው ሥር፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት፣ እጇን ከጎኗ አጣብቃ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ቁመቷ ከተሳቢው ወለል ትንሽ ያንሳል፤ ጎንበስ ማለት እንኳ አላስፈለጋትም። እቴናት ያንን ጉልበት ይዛ እንዴት እንደሮጠች አላውቅም። ነጠላ ጫማዋ ግቢ ውስጥ ቀርቷል። ከመኪናው ፊት ደርሳ ኮፈኑን በሁለት እጇ ስትደልቅ ውድነህ ማርሽ አስገብቶ ነበር፤ ጎማው አንድ ስንዝር ሄዶ ቆመ። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ እቴናት ጎንበስ ብላ ገብታ ልጅቷን አቅፋ ስታወጣት ደረስኩ። ውድነህ መንገዱ ዳር ተቀምጦ አንድ ሲጋራ ሊለኩስ ክብሪቱን ሁሉ ጨረሰ። ኢልሀምን ለምን አልወጣሽም አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ቲቸር፣ ቁሙ ብለውን የለ?» አለችኝ።

አፈርኩ። እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ግን ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የስንብት ደብዳቤ ጻፈ። እቴናት ማስጠንቀቂያውን ጥሳ ተምር ስታድል ተገኝታለች፣ ሰባት ልጆችም ሕግ ጥሰው እንዲሮጡ አድርጋለች። ከስምንቱ ሥርዓት ያከበረችው ኢልሀም ብቻ ናት ሲለኝ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ኑህ ልጁን ይዞ፣ ውድነህ መኪናውን ይዞ መጡ። ወሬው የደረሳቸው ወላጆችም ተከትለዋቸዋል። ኑህ የወሎ ሰው ነው፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። ደብዳቤውን ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ እጅ ተቀብሎ አነበበና መለሰለት።

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም» አለው። «እርስዎ ከዚህ ተሳቢ ሥር ይግቡ፣ ውድነህ ይነፋል። ባሉበት ከቆዩ ደብዳቤዎ ይጽና፣ እቴናት ትሂድ። ከሮጡ ግን እሷ ሥራዋ ላይ ትቀመጣለች።»

ወላጆቹ ይሁን አሉ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ሱፉን አየ፣ መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ዘይት አየ። እኔ ሕፃን አይደለሁም አለ። ቀጥሎም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፤ ሥልጠናውን የሰጠው መምህሩ ነው፣ እሱ ይግባ አለ።

እቴናት ዕቃዋን በፌስታል ቋጥራ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አየኋትና ገባሁ። ውድነህ ጎማዎቹ ፊት የእንጨት ታኮ አስገብቷል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእግሬም ገፍቼ ሞክሬዋለሁ። መኪናው ጣት ያህል እንደማይሄድ አውቃለሁ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ጎማና የሰው እግር ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከአናቴ በላይ ያለው ብረት ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ውድነህ ሁለት ጊዜ ነፋ።

ጭንቅላቴን ሻንሲው ላይ ገጭቼ፣ ሸሚዜን ቀድጄ፣ አንድ ጫማዬን ጥዬ ግቢው ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ልጆቹ ሳቁ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ደብዳቤውን ኪሱ ከተተ፣ እቴናትም ፌስታሏን ይዛ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ወላጆቹ ለእሷ ብሎ ነው የሮጠው ብለው ሲያመሰግኑኝ ምስጋናቸውን ተቀበልኩ። ውሸት ነው። ጡሩምባው ሲጮህ እሷን ጨርሶ አላስታወስኳትም። አርባ ሕፃን ቁሙ እያልኩ ሁለት ወር ያስተማርኩ ሰውዬ፣ አንዲት ሰከንድ እንኳ አልቆምኩም።